ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የወሰደን ጀልባና አስጎብኚው

ቅዳሜ ከባሕር ዳር ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሄድን። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ወንዶች ብቻ ነበርን። ቅሬታዬን ላስቀድም። አንድ ሰዓት ያህል አርፍደን ነው የተነሣነው፣ የደረሰኝ ላይፍ ጃኬትም ማሰሪያው የተበጠሰ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ውኃ ላይ ለሚቆይ ሰው ይሄ የሚታለፍ አይደለም። ጀልባ ነጂው ግን ታናን የሚያውቅ፣ የረጋ ሰው ነው።

ደግሜ ብሄድ ለአስጎብኚው ስል ነው።

መንገድ ላይ ወሬው ወደ ጦርነት ዞረ። ከፊቴ የተቀመጠ ጥቁር ማተብ ያሰረ ልጅ «ያኔ ጨርሰናቸው ቢሆን ኖሮ እናርፍ ነበር፣ እግዚአብሔርም ከእኛ ጋር ነበር» አለ። ዝም አልኩ። ምን አፍ አለኝ? በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ሲጀመር ፌስቡክ ላይ «በለው!» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ፣ ያውም ጽጌን እየጾምኩ። ወዲያ ማዶ ያለችው እናትም ያንኑ ጽጌ ጾማ፣ ያችኑ ኪዳነ ምሕረትን «ልጄን አደራ» ትል እንደነበር ያኔ አልታየኝም። እስከ ዛሬ ያመኛል። አገር መጠበቅ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም፤ ግን «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውን እያነበብን ለሞት እልል ማለት ከየት የመጣ ነው?

ጋሼ (አስጎብኚውን ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው) ጀልባው ላይ ምንም አላሉም። ገዳሙ ደርሰን የነገሥታቱን አፅም ስናይ ግን ልጁን ጠርተው አፄ ፋሲል ሣጥን ጋ አቆሙት። አባትየው አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ሕዝቡን በግድ ሊያስከትሉ ሲሉ የፈሰሰውን ደም ነገሩት። በ1624 ወይና ደጋ በተባለ ቦታ ላይ፣ ይህን ተቃውመው ከላስታ የመጡትን ገበሬዎች ንጉሡ ድል ነሡ። ሬሳው መሐል ሲያልፉ የገዛ ሰዎቻቸው፣ እነዚህ የወደቁት አረመኔ አይደሉም፣ ክርስቲያን ናቸው፣ ወገኖችዎ ናቸው አሏቸው። ንጉሡም ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቁ።

«አሸንፈው ነው እኮ የለቀቁት፣ ልጄ» አሉት።

«ስንት ሰው ሞተ?»

«ስምንት ሺህ ይባላል።»

ልጁ «ያኔና አሁን አንድ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ስንመለስም ከጋሼ ጎን ተቀምጦ ክርክሩን ቀጠለ፣ እሳቸውም አልሰለቹም።

የምትሄዱ ሰዎች በጠዋት ተነሡ፣ ከሰዓት በኋላ ታና ማዕበል አለው። ላይፍ ጃኬቱን ሳትሳፈሩ እዩት። አስጎብኚው ደግሞ ሽማግሌው ይሁኑልን በሉ።