ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች፦ የልጄን ጌም ያስተካከለልኝን ወጣት ሳላመሰግን አላልፍም

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ የአገሬ ልጆች። እኔ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ የሰው አነባለሁ፣ አልፋለሁ። ዛሬ ግን ውለታ አለብኝ፣ ዝም ብዬ ልውጠው አልቻልኩም። አራዳ ላይ ሞባይልና ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ከትልቅ ጭንቀት ገላግሎኛል። እኔ ያየሁትን መከራ ያያችሁ ወላጆች ካላችሁ ወደ እሱ ሂዱ ልላችሁ ነው።

የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አጎቱ ዱባይ ነው የሚኖረው፣ ለእረፍት ሲመጣ ፕሌስቴሽን 4 የሚባለውን የጌም ማሽን ይዞለት መጣ። የልጁን ደስታ አትጠይቁኝ። አካውንቱንም የከፈተለት እሱ ነው፣ በራሱ ዕድሜና በራሱ የባንክ ካርድ። ኳስ ይጫወትበት ብሎ ነው እንጂ ክፉ አላሰበም።

ዋይፋይ ካስገባን በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ልጄ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ማውራት ጀመረ። አንድ ማታ ለእራት ልጠራው ስገባ ቴሌቪዥኑ ላይ መልእክት መጥቶ አየሁ። ታላቅ እህቱን ጠርቼ አስነበብኳት። ዕድሜህ ስንት ነው፣ የት አገር ነህ፣ ፎቶህን ላክልኝ ይላል። ማን እንደላከው እንኳን አይታወቅም። ወላሂ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ አጎቱ ደወለና ከካርዴ ላይ ብር እየተቆረጠ ነው አለ። ለካ ልጁ ፊፋ በሚባለው የኳስ ጌም ውስጥ ተጫዋች እየገዛ ኖሯል።

አባቱ ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው ውሎ አዳሩ። ሚሌ ላይ ሆኖ በስልክ "ነቅለሽ ቆልፊበት" ከማለት በቀር ምን ያድርግ? ቆልፌም አይቻለሁ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጌም ቤት እየገባ ማምሸት ጀመረ፣ ያ ደግሞ ከቤቱ ባሰ። "ሽጪው" ያሉኝም አሉ። እንዳልሸጠው ግን አንድ ነገር ያዘኝ። በ2014 ከተማችን ያየችውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጄ ያኔ ትንሽ ነበር፣ ከዚያ በኋላ በር በኃይል ከተዘጋ እንኳን እየደነገጠ እኔ ጉያ ነበር የሚገባው። ከሰፈር ልጆች ጋር መሳቅ የጀመረው ይህ ጌም ከመጣ ወዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹ ሳሎኔን ሞልተው በየተራ ሲጫወቱ ድምፁን ስሰማ አልሃምዱሊላህ እላለሁ። ታዲያ እንዴት አድርጌ ልንጠቀው?

ከዚያ ጌሙን በልጅ ልክ የሚገድብልኝ ሰው ፍለጋ መንከራተቱ መጣ። ስማቸውን አልጠራም፣ ቦታቸውንም አልናገርም፣ አላህ ይያቸው። አንዱ ጋ ገና አፌን ስከፍት ሳቀብኝ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ዲሽ አይደለም ቻናል የሚዘጋበት፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም" አለኝ። አላውቅም ማለት ከበደው መሰለኝ፣ ያለውን ነገር የለም ብሎ ሸኘኝ። ሌላው ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሰኝ ከርሞ "ተስተካክሏል" ብሎ 800 ብር ተቀበለኝ፤ ቤት ወስጄ ስከፍተው ምንም የተነካ ነገር የለም። ተመልሼ ስሄድ ስልክ እያወራ በእጁ ቆይ አለኝ፣ ቆሜ ቆሜ ወጣሁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን በእርግጥም የዘጋው ሰው ነው። ዘጋው፣ ነገር ግን በራሱ ኢሜይልና በራሱ ኮድ! ኮዱን ስጠኝ ስለው "ለደንበኛ አንሰጥም፣ ማስከፈት ስትፈልጊ አምጪው" አለኝ። ማምጣት ማለት ደግሞ በየጊዜው መክፈል ማለት ነው። እስቲ አስቡት፣ የኔ ልጅ፣ የኔ ቤት፣ ቁልፉ ግን ሰውዬው ኪስ ውስጥ። ይህን ዓይነት ሥራ ጥገና ብሎ መጥራት ነውር ነው። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው በስልኩም እንዲህ እየተደረገ መሆኑን ስለማውቅ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ይህን ሁሉ ቡና ላይ ለጎረቤቴ ሳጫውታት "አራዳ ያለውን ልጅ ለምን አታሳዪውም?" አለችኝ። ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ግን ሄድኩ። ልጄንም ይዤው ሄድኩ፣ እሱ ደግሞ ጌሜን ሊያጠፉብኝ ነው ብሎ ፊቱን አጥቁሯል።

ሱቋ ጠባብ ናት። ወጣቱ ከወንበሩ ተነስቶ እኔን አስቀመጠኝ። ዕቃውን ገና ሳይነካ መጀመሪያ ያናገረው ልጁን ነው። "የማን ደጋፊ ነህ?" ልጄ አጎንብሶ "አርሰናል" አለ። "ስንተኛ ሲዝን ላይ ደርሰሃል?" ሲለው ቀና አለ። ሦስተኛ ሲዝን ላይ ነው፣ ዋንጫ ሊበላ ምንም አልቀረውም፣ አካውንቱ ከጠፋ ያ ሁሉ ይጠፋበታል። የሚያስጨንቀው ለካ ያ ነበር! እኔ እናቱ አላወቅኩትም፣ እሱ በሁለት ጥያቄ አወጣው።

ከዚያ ለሁለታችንም አስረዳን። የድሮው አካውንት በትልቅ ሰው ዕድሜ ስለተከፈተ ማሽኑ ልጄን እንደ አዋቂ ነው የሚያየው፣ በላዩ ላይ የልጅ ገደብ አይጣልበትም። ኢትዮጵያ ደግሞ አካውንት ከሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፣ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ በሌላ አገር የሚከፍተው፤ አንዴ የተመረጠ አገር ደግሞ አይቀየርም። ስለዚህ መጀመሪያ ለእኔ የእናት አካውንት፣ ከእኔ ስር ለእሱ የልጅ አካውንት መከፈት አለበት አለን። የቀረውን እንዴት እንዳደረገው አትጠይቁኝ፣ እኔ ያየሁት ጣቱ ሲሮጥ ብቻ ነው።

አንዱን ነገር ግን መቼም አልረሳውም። ኮድ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ መቆጣጠሪያውን በሁለት እጁ ለእኔ ሰጠኝና "እትዬ፣ ይህን እርስዎ ነዎት የሚያስገቡት" አለኝ። ከፋብሪካ ሲመጣ ኮዱ አራት ዜሮ ነው፣ ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ካልተቀየረ እንዳልተዘጋ ነው አለኝ። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። ልጄንም "ና አንተም ወደዚህ ዙር" ብሎ አጠገቡ አዞረው። ሁለቱ ግድግዳ እያዩ ስለ ኳስ ሲያወሩ እኔ በቀስታ ቁጥሬን አስገባሁ። ተሳሳትኩ ብዬ ስጨነቅ ሳይዞር "አብሽሩ፣ ደግመው ያስገቡ፣ ጊዜ አለን" አለኝ። ኢሜይሉም የራሴ ነው፣ ስልኩም የራሴ። እዚያ ሱቅ የቀረ የኔ ነገር የለም። ሰዎች፣ ይህ ነው ሙያ! ይህ ነው አማና ማለት!

የልጁን የድሮ ጨዋታ ደግሞ አላጠፋውም። በአጎቱ ስም ካለው የድሮ መግቢያ ላይ የባንክ ካርዱን ነቅሎ፣ መግቢያውን በእኔ ኮድ ዘጋልኝና "እሁድ እሁድ እናትህ ትከፍትልሃለች፣ ሲዝንህን ትጨርሳለህ" አለው። አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርና በእንግድነት መግባት የሚባለውንም ቀዳዳ ደፈነው፤ ልጆቹ ገደቡን የሚያልፉት በዚያ ነው አሉ። መዘጋቱን እንዳምን ልጄ ከጓደኛው የተዋሰውን ጂቲኤ የሚባል የጌም ዲስክ አስገብቶ አሳየኝ። ቁልፍ ምልክት መጣ፣ ኮድ ጠየቀ፣ አልከፍትም አለ። የዲስኮቹ ሽፋን ላይ ያለችው ቁጥር የዕድሜ ቁጥር መሆኗንም ያኔ ነው ያስተማረኝ፤ ፊፋ 3 ነው፣ ጂቲኤ 18። አሁን ልጄ ዲስክ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

በትምህርት ቀን አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲሆን ተስማምተን አስገባን። ተስማምተን ያልኩት ልጁንም ስለጠየቀው ነው። የሰዓቱንም አቆጣጠር በእኛ አገር አደረገው፣ ያለዚያ ቀኑ በሌላ አገር ሰዓት ይቀየራል አለኝ። እንግዳ ሲመጣ ወይም ፈተና ሲያልቅ ልጨምርለት ብፈልግ ከስልኬ እጨምራለሁ። የማያውቀው ሰው መልእክት አይልክለትም፣ መግዣውም ዜሮ ነው። አጎቱም ዱባይ ተቀምጦ ተገላገለ።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከእኛ ጋር አሳልፎ የጠየቀኝ 300 ብር ነው። ልጨምርለት ብል እምቢ አለኝ። ማታ ደግሞ ደውሎ "ሰርቷል ወይ?" ብሎ ጠየቀ፤ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ የሚደውል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያሳደጉህ እናትና አባት ይባረኩ፣ አላህ እጅህን አይንሳህ ወንድሜ፣ ሪዝቅህን ያስፋው። ባለቤቴም ከመንገድ ሲመለስ ሱቁ ድረስ ሄዶ አመስግኖታል።

እና እባካችሁ፣ ልጆቻችሁ ጌም ያላቸው ሁሉ ሂዱለት። ሰርግና ልብስ ላይ ስንት እናወጣለን፣ ይህንንማ አንሰስት። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ ብትመጡም አያስቆጭም፤ የኮምቦልቻዋ እህቴ ባለፈው ሳምንት መጥታ አሠርታ ተመልሳለች፣ ምርቃቷ እስካሁን አላባራም። ስሙንና ስልኩን እዚህ ሳላስፈቅደው አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አደርሳችኋለሁ። አርብ ከጁምዓ በፊት አትሂዱ፣ ሱቁ ዝግ ነው።

ስትሄዱ ማሽኑን ከነገመዱ፣ የራሳችሁን ስልክ ከነኢሜይል ፓስወርዱ ያዙ። የልጁን የልደት ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ቤት አስተካክላችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፣ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ነው ጊዜ የፈጀሁት። ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ።