ኤፍ-ዲ-ኢ-12፦ ወረርሽኝን ከነትውስታው የሚያሰላ ኮድ

የተላላፊ በሽታን ስርጭት በክፍልፋይ ኦርደር እኩልዮሽ (የለውጥ ፍጥነትን የሚለካው ዴሪቬቲቭ ደረጃው ሙሉ ቁጥር ሳይሆን እንደ 0.9 ያለ ክፍልፋይ በሆነበት እኩልዮሽ) ለሚያጠና ሰው የመጀመሪያው ራስ ምታት የሚያሰላለት መሣሪያ ማግኘት ነው። ማትላብ በተባለው የስሌት ሶፍትዌር ውስጥ ያለው እኩልዮሽ ፈቺ ኦ-ዲ-ኢ-45 የሚሠራው ለተራ ዴሪቬቲቭ ብቻ ሲሆን፣ ካፑቶ የተባለውን የክፍልፋይ ዴሪቬቲቭ ዓይነት አያውቅም። በኢጣሊያ የባሪ ዩኒቨርሲቲው ሮቤርቶ ጋራፓ ጽፈው በነፃ የለቀቁት ኤፍ-ዲ-ኢ-12 ይህን ክፍተት ይሞላል። ማትላብ ራሱ ግን ፈቃዱ በገንዘብ የሚገዛ በመሆኑ «በነፃ» የሚለው ቃል ለሁሉም እኩል አይሠራም።

ኮዱ የተመሠረተው ዲትሄልም፣ ፎርድና ፍሪድ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የትንበያና እርማት ዘዴ (ቀጣዩን ዋጋ መጀመሪያ ገምቶ ቀጥሎ በሚያርም ዘዴ) ላይ ነው። አልፋን (የዴሪቬቲቩን ደረጃ)፣ የእኩልዮሾቹን ፈንክሽን፣ መነሻና መድረሻ ጊዜን፣ መነሻ ዋጋዎችንና የእርምጃውን ርዝመት ከሰጡት ሌላ አይጠይቅም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ፍጥነቱ ነው። የክፍልፋይ ዴሪቬቲቭ ያለፈውን ሁሉ ስለሚያስታውስ የ200ኛውን ቀን የሕሙማን ቁጥር ለማስላት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያለው ታሪክ በሙሉ ይገባበታል። እርምጃውን 0.01 ቀን ብናደርገው 20,000 እርምጃ ይሆናል፤ ይህም በቀጥታ ሲደመር ለአንድ እኩልዮሽ ብቻ ወደ 200 ሚሊዮን ብዜት ይደርሳል። ሥራ ለማቅለል ሲሉ የሩቁን ትውስታ ቆርጠው የሚጥሉ ፕሮግራሞች አሉ። ጋራፓ ግን ምንም ሳይቆርጡ ድምሩን ፈጣን ፎሪየር ትራንስፎርም በተባለው የስሌት ማቅለያ ዘዴ ስለሚሠሩት ድካሙ ወደ ጥቂት ሚሊዮን ይወርዳል።

የሞከርኩት ከርማክና ማክኬንድሪክ በ1927 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት፣ ሕዝቡን ተጋላጭ፣ ታማሚና ያገገመ ብሎ በሚከፍለው ሞዴል ነው። አልፋን 1 ሳደርገው ውጤቱ ከኦ-ዲ-ኢ-45 ጋር ገጠመ፤ ወደ 0.9 ሳወርደውም የሦስቱ ክፍሎች ድምር እስከ መጨረሻው ሳይዛነፍ ቆየ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን ፍተሻ ቢያደርግ ብዙ ስሕተት ገና በጠዋቱ ይያዛል።

ኮዱ የማይነግርዎት ነገርም አለ። ዴሪቬቲቩ ክፍልፋይ ሲሆን የጊዜ መለኪያውም አብሮ ስለሚለወጥ የሞዴሉ ምጣኔዎች ወደ አልፋ ኃይል (ፓወር) ከፍ መደረግ አለባቸው፤ ዲትሄልምም በ2013 እ.ኤ.አ. ስለ ኬፕ ቬርድ የደንጊ ወረርሽኝ ባሳተሙት ጥናት ያደረጉት ይህንኑ ነው። በቀን 0.1 የነበረው የማገገም ምጣኔ አልፋ 0.9 ሲሆን ወደ 0.126 ይወጣል፤ የመተላለፊያው ምጣኔ በቀን 0.3 ከነበረ ደግሞ የሁለቱ ንፅፅር ከ3 ወደ 2.69 ይወርዳል። ይህን የዘነጋ ተማሪ ግራፉ የሚያምር፣ ትርጉሙ ግን የተበላሸ ውጤት ይዞ ይወጣል።

እኔን የጣለኝ ግን ሌላ ነው። በ40ኛው ቀን እንቅስቃሴ ቢገደብ ምን ይሆናል የሚለውን ለማየት፣ እንደ ልማዴ ስሌቱን 40ኛው ቀን ላይ አቁሜ፣ የደረሰበትን ዋጋ እንደ አዲስ መነሻ ሰጥቼ ቀጠልኩ። ለተራ እኩልዮሽ ይህ ትክክል ነው። እዚህ ግን የ40 ቀናቱን ትውስታ በሙሉ መደምሰስ ሆነ፤ ኩርባውም መጋጠሚያው ላይ እንግዳ በሆነ መንገድ ታጠፈ። ገደቡ መግባት ያለበት በፈንክሽኑ ውስጥ፣ «ጊዜው ከ40 ካለፈ» በሚል ሁኔታ ነው፤ ስሌቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ሆኖ ይሂድ። መመሪያው ይህን በአንድ መስመር ቢያስጠነቅቅ ኖሮ ሁለት ቀን ባተረፍኩ ነበር።

እርምጃው ቋሚ መሆኑም ያሳስባል፤ ኮዱ ስሕተቱን ለክቶ እርምጃውን በራሱ አያሳጥርም። ሁኔታው ሲመች እርምጃውን በግማሽ መቀነስ አልፋ 0.9 ሲሆን ስሕተቱን ወደ 3.7 እጥፍ፣ 0.5 ሲሆን ወደ 2.8 እጥፍ ያሳንሰዋል። በመነሻው ጊዜ አካባቢ ግን መፍትሔው ለስላሳ ስላልሆነ ያን ያህል አይጠበቅም፤ የወረርሽኙ የመጀመሪያ ቀናት ለሚያሳስበው ሰው ደግሞ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እኔ እርምጃውን ሦስት ጊዜ በግማሽ እየቀነስኩ የሕሙማኑ ጫፍ ቁጥር መለወጡን እስኪያቆም አያለሁ።

አልፋው ለሁሉም ክፍሎች አንድ መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ አልፋ የሚፈልግ ሰው የዚሁ ደራሲ ኤፍ-ዲ-ኢ-ፒ-አይ-12-ፒ-ሲ የተባለውን ኮድ ይውሰድ፤ ነገር ግን አልፋዎቹ ሲለያዩ የሕዝቡ ድምር ቋሚ ሆኖ ስለማይቀር፣ ያ የድምር ፍተሻ እዚያ አያገለግልም።