የቸነፈሯ መንደር ኢም፦ አራት ኮከብ፣ አንዱን የቀነስኩት በምሳው ነው

ባለፈው ነሐሴ ከጓደኛዬ ጋር ከሼፊልድ በባስ ሄደን አየናት፣ እንግሊዝ አገር ደርቢሻየር ውስጥ ናት፣ ሩቅ አይደለችም። ስሟን ስታዩት ኢያም የሚል ይመስላል ግን የሚሏት ኢም ነው፣ እኔ ኢያም ብዬ ሹፌሩ ሁለቴ አስደገመኝ።

ታሪኩን ለማታውቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1665 ከለንደን ለአንድ ልብስ ሰፊ የጨርቅ ጥቅል ይመጣል፣ እርጥብ ስለነበር ረዳቱ እሳት ዳር አሰጣው፣ ቁንጫ ነበረበት ነው የሚሉት፣ ብቻ ረዳቱ በቀናት ውስጥ ሞተና ቸነፈሩ ቤት ለቤት ገባ። በ1666 ቄሱ ዊሊያም ሞምፐሰን ከሱ በፊት ከነበረው ከቶማስ ስታንሊ ጋር ሆኖ (ሁለቱ በሃይማኖት የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ እኮ!) ቸነፈሩ ወደ ሌላ መንደር እንዳይዛመት ሕዝቡን አሳምነው መንደሩን ዘጉት፣ መውጣት የለም መግባት የለም። 260 ሰው ገደማ አለቀ። የቄሱ ሚስት ካትሪንም ሞታለች፣ መቃብሯ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው፣ እዛው ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ የድንጋይ መስቀልም አለ፣ ከግንዱ የተወሰነው ጎድሏል ግን ቅርጹ ያምራል።

ሙዚየሙ ደህና ነው፣ የሚነበበው ግን በዛብኝ። እኔን የያዘኝ ውጪ ያለው ነው። ቤቶቹ ደጅ ላይ እዚህ ቤት እነ እገሌ ሞቱ የሚል ሰሌዳ ተተክሏል፣ ከኋላው ደግሞ ሰውዬው አበባውን ውሃ ያጠጣል፣ ሰው ይኖርበታላ! ስለዚህ በመስኮት እያያችሁ ፎቶ አታንሱ ነውር ነው።

ከዛ የድንበር ድንጋዩ ጋ ውረዱ። ስድስት ቀዳዳ አለው፣ የመንደሩ ሰዎች ሳንቲሙን አቼቶ ውስጥ እየከተቱ ያስቀምጡና የጎረቤት መንደር ሰዎች ምግብ ትተውላቸው ይሄዳሉ። ጣቴን ከተትኩት፣ የዝናብ ውሃ ነበረው። ጓደኛዬ በኮሮና ጊዜ ብር በሳኒታይዘር የምትጠርገዋን አክስቷን አስታወሰችና ሳቅን፣ ከዛ ዝም አልን።

ራይሊ የሚባለው መቃብር ከመንደሩ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው፣ ክብ የድንጋይ አጥር አለው። ኤልዛቤት ሃንኮክ የምትባል ሴት በነሐሴ 1666 በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ራሷ ጎትታ ራሷ ቆፍራ ቀበረች። እድር ባለበት አገር ላደገ ሰው ሞቱ ብቻ አይደለም የሚከብደው፣ ድንኳን የሚተክል የለም፣ አይዞሽ የሚላት የለም፣ ጎረቤት እንዳይቀርባት ተስማምቷል። በኋላ ሼፊልድ ወዳለው የተረፈ ልጇ ሄደች ይባላል፣ እኛ በባስ የመጣንበትን መንገድ ማለት ነው።

ምሳውን ተዉት። ፍልሰታ ስለነበር ጾም ነኝ ብዬ ወተት ቅቤ የሌለበት ስጡኝ ስላቸው እሺ ብለው የቲማቲም ሾርባ ከላዩ ክሬም አፍስሰው አመጡልኝ፣ ስመልሰው ደግሞ ክሬሙን በማንኪያ አንስተው ያንኑ ሾርባ መልሰው አመጡት 😂 የካፌውን ስም አልጽፍም። ጾመኛ የሆናችሁ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ ጫማችሁ ጭቃ የማይፈራ ይሁን፣ የመመለሻ ባሱን ሰዓት ደግሞ ስትደርሱ ወዲያው እዩት፣ እኛ መቃብሩ ጋ ቆይተን ሮጠን ነው የደረስንበት።