ለቮልስ የተሠራው ባለ 7 ኢንች ኤች 4 የፊት መብራት፦ መስታወቱ ጥሩ፣ ማብሪያው ግን አይችለውም

ሲልድ ቢም (መስታወቱና አምፖሉ አንድ ላይ የታሸገ መብራት) ሲቃጠል ሙሉውን መጣል ነው፤ በዚህ ምትክ ግን የሚቀየረው ኤች 4 የሚባለው አምፖል ብቻ ነው። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው፣ ቀለበቱም ውስጥ ሳይሞረድ ይገባል። ጋደል ያለ መስታወት ያላቸው የቀድሞዎቹ ቮልሶች ግን አይቀበሉትም።

ሶኬቱ ላይ ቢጫው አጭር መብራት፣ ነጩ ረጅም፣ ቡናማው ማሳ (ግራውንድ) ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 60/55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት እያንዳንዱ ወደ 5 አምፔር ይስባል፤ ያ ሁሉ በአሮጌው ማብሪያ ሲያልፍ ቮልቱ ይወርዳል፣ ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ማብሪያውም ይግላል። መፍትሔው ሁለት ባለ 30 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ነው፤ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ መንገዱ ረጅም ነው፤ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይሳቡ፣ ከባትሪው ስንዝር ሳይርቅ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ።

ኤልኢዲ አምፖል ይቅርብዎ። ማራገቢያው ከመብራቱ ኋላ ካለው ቆርቆሮ ጋር ይጋጫል፣ ብርሃኑም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል።

ከመግዛትዎ በፊት ግድግዳ ላይ ያብሩት። በአጭር መብራት የብርሃኑ ጠርዝ ከፍ የሚለው በቀኝ በኩል መሆን አለበት፤ በግራ ከሆነ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነውና አይግዙት።