የማሪዮ ሪክሾ በቼሪ እንጨት፦ «ኡኪዮ-ኤ ሂሮስ»ን በቅርበት ሳየው

በጥንታዊው የጃፓን የእንጨት ቅርጽ ኅትመት፣ በኡኪዮ-ኤ፣ ስልት ተሠርተው «ኡኪዮ-ኤ ሂሮስ» በሚል ስያሜ ከሚሸጡት ኅትመቶች አንዱን፣ «ሪክሾ ካርት» የተባለውን፣ ግድግዳዬ ላይ ከሰቀልሁት ወራት ተቆጥረዋል። በቪዲዮ ጌም የምናውቀው ማሪዮ የውድድር መኪናው ቀርታበት ሰው በሚጎትተው ሪክሾ ላይ ተቀምጧል። ንድፉ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጄድ ሄንሪ ነው። ወደ እንጨት ያሻገረው ደግሞ በእንግሊዝ ተወልዶ በካናዳ ያደገውና ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቶኪዮ የሚኖረው ዴቪድ ቡል ነው። ሁለቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሥራ ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ በኪክስታርተር፣ የጠየቁት 10 ሺህ ዶላር ገደማ ቢሆንም፣ ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ተዋጥቶላቸዋል።

ገዢ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ቅጂ በዲጂታል ማተሚያ የሚወጣ ሲሆን፣ ሌላው ከተቀረጸ እንጨት በእጅ የታተመ ነው፤ የዋጋቸውም ልዩነት ሰፊ ነው። አቅሙ ለሚፈቅድለት ሰው ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመክራለሁ። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ አንድ ቢመስሉም፣ እጅ ውስጥ ሲገቡ ፈጽሞ አይገናኙም።

በእጅ የሚታተመው ሥዕል ጥቁሩ መስመር በአንድ የቼሪ ሰሌዳ ላይ ይቀረጽለታል፤ ለየቀለሙም ሌላ የተቀረጸ ገጽ ይዘጋጅለታል። አታሚው በውኃ የተበጠበጠውን ቀለም በብሩሽ ቀብቶ፣ ዋሺ የተባለውን እርጥብ የጃፓን ወረቀት በሰሌዳው ጥግ ከተቀረጹት ምልክቶች ጋር አስተካክሎ ያነጥፍበትና፣ ባረን በሚባለው በቀርከሃ ቅርፊት በተሸፈነ ክብ መሣሪያ ጀርባውን ያሻል። ይህ ለእያንዳንዱ ቀለም ይደገማል። ወረቀቱን ከመስቀሌ በፊት ገልብጬ ስመለከተው ቀለሙ እስከ ጀርባው ዘልቆ ነበር፤ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበትም መስመሮቹ ወረቀቱ ውስጥ ጎድጉደው ይታያሉ። ከደማቅ ወደ ፈዛዛ የሚሄደውን ቀለም አታሚው በየቅጂው በእጁ ስለሚያደበዝዘው፣ አንዱ ቅጂ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል።

የጌም ገጸ ባሕርይ ከዚህ ጥንታዊ ሙያ ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ የማሪዮ ጌም ሠሪው ኒንቴንዶ ራሱ በ1889 እ.ኤ.አ. በኪዮቶ ሲመሠረት ሃናፉዳ የተባሉ የመጫወቻ ካርታዎችን ይሠራ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ሪክሾ በጃፓን የታየው ታዋቂው የኡኪዮ-ኤ ሠዓሊ ሆኩሳይ በ1849 እ.ኤ.አ. ካረፈ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ሥዕሉ ይበልጥ የሚቀርበው ከ1868 እስከ 1912 እ.ኤ.አ. ለነበረው ለሜይጂ ዘመን ኅትመቶች ነው፤ እኔም በዚያ ዓይን ሳየው የበለጠ ወደድሁት። ከተከታታዮቹ ሥራዎች መካከል ፍጡራኑ ወረቀቱን ሞልተው ባዶ ቦታ የሚያሳጡበትን ግን ያን ያህል አልወደድሁም፤ የጃፓን ኅትመት ውበት ግማሹ ያልተነካው ወረቀት ነውና።

ወደ ቶኪዮ የሚሄድ ሰው አሳኩሳ የሚገኘውን የቡልን ሱቅ ሞኩሃንካንን ቢጎበኝ፣ ከመግዛቱ በፊት ራሱ አንድ ኅትመት በእጁ አትሞ ሙያውን ሊቀምስ ይችላል።

ፍሬም ሲያሠሩ ግን ይጠንቀቁ። የእኔን የሠራው ባለሙያ መስታወቱን በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ስላሳረፈው ጉድጓዶቹ ከዓይን ጠፍተው ነበር። በመካከላቸው የካርቶን ጠርዝ እንዲገባና ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ካደረግሁ ወዲህ፣ ማታ የጠረጴዛ መብራት ሳበራ የሪክሾው መስመሮች እንደገና ጥላ ይጥላሉ።