8 ወር ከትንሿ መጋዝ ጋር፦ የ1770ዋን የጦር መርከብ ከጥሬ ጣውላ ስሠራ

መጋዟ ቤቴ ከገባች 8 ወር ሆናት። ከ400 ዶላር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የወጣብኝ። ሳጥኑን ስከፍት ባለቤቴ መጣች። "መጋዝ አለህ አይደል እንዴ?" አለችኝ። አዎ፣ አለኝ። ያኛው ግን በር የሚቆርጥ ነው። ይቺ ደግሞ ከጣውላ ላይ እንደ ፓስታ የቀጠነ እንጨት ታወጣለች። ላስረዳት ሞከርኩ። እሷ የሰማችው ዋጋውን ብቻ ነው።

የምሠራው የድሮ ባለ ሸራ የጦር መርከቦችን ነው፤ አሳንሼ፣ እንደ ሞዴል። ሱቅ ውስጥ የተዘጋጀ ኪት ይሸጣል። እንጨቱ ተቆርጦ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ መመሪያው ታትሞ ይመጣል። ሁለት እንደዚያ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ሦስተኛው ላይ ሰለቸኝ። ሌላው መንገድ የመርከቡን የጥንት ፕላን ይዞ ከጥሬ ጣውላ መነሳት ነው። እዚያ መመሪያ የሚባል ነገር የለም። ወረቀት አለ፣ ጣውላ አለ፣ ቀሪው የሠሪው ጣጣ ነው።

እዚህ ውስጥ ለመግባቴ ጥፋቱ የአናፖሊስ ከተማ ነው። ሜሪላንድ ለምንኖር ቅርብ ናት። እዚያ በአሜሪካ የባህር ኃይል አካዳሚ ሙዚየም ውስጥ የሮጀርስ ስብስብ የሚባል አለ። ሰውዬው ሄንሪ ሮጀርስ ሀብታም ነበሩ፤ በ1935 በኑዛዜ ለአካዳሚው ተዉት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ከ100 በላይ ሞዴል መርከብ ነው። ብዙዎቹ መርከቦቹ ራሳቸው በነበሩበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ የታችኛው ጎናቸው በጣውላ ሳይሸፈን ተትቷል፤ የጎድን አጥንታቸው፣ ማለትም ጎናቸውን የሚያቆመው የእንጨት ቅስት፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች እጅ የወደቁ ፈረንሳዊ እስረኞች ከአጥንት የሠሯቸውም አሉ። ከምግባቸው ከተረፈ አጥንት! እነሱ ከአጥንት ያንን ካወጡ እኔ ከቼሪ እንጨት ምን ያቅተኛል ብዬ ወጣሁ። ብዙ ነገር እንደሚያቅተኝ ኋላ ነው ያወቅኩት። ብቻ ልትሄዱ ካሰባችሁ መታወቂያ ያዙ፤ ግቢው የወታደር ነው።

የመረጥኳት መርከብ ኪንግፊሸር ናት። ስሟ የወፍ ስም ነው፤ ያ ከውሃ ዳር ተወርውሮ ዓሣ የሚለቅመው። በ1770 ውሃ ላይ የወረደች የእንግሊዝ ስሉፕ ነች፣ ማለትም አነስ ያለች የጦር መርከብ። የያዘችው 14 መድፍ ነው፤ እያንዳንዱ 6 ፓውንድ፣ ወደ 2.7 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥይት ይተኩሳል። ንድፏን የሠራው ጆን ዊሊያምስ ነው። በዚያው ንድፍ ከ20 በላይ እህቶቿ ተሠርተዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዘመን ከተሠሩት በአንዷ ስም ስዋን እየተባሉ ይጠራሉ። ፕላኖቻቸው ግሪኒች ባለው የብሪታንያ የባህር ሙዚየም ይገኛሉ። ኪንግፊሸርን የመረጥኩት መጨረሻዋ እዚሁ አሜሪካ ስለሆነ ነው። በ1778 የፈረንሳይ መርከቦች ሮድ አይላንድ ሲደርሱ እንዳትማረክ ብለው የራሷ ሰዎች አቃጠሏት።

አሁን ወደ መጋዟ። የጥንቱ ፕላን የሚሳለው 1 ጫማ በሩብ ኢንች ሒሳብ ነው፣ 1 ለ48 ማለት። የመርከቧ የመድፍ ወለል 96 ጫማ ከ7 ኢንች ይረዝማል፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ 61 ሳንቲሜትር ይሆናል። ጥሩ መጠን ነው። ችግሩ ውፍረት ላይ ነው። እውነተኛው መርከብ ላይ 3 ኢንች የወፈረ ጣውላ እኔ ጋ 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያንን ደግሞ አንድ ሁለት አይደለም፣ በመቶዎች ነው የምፈልገው። ሁሉም እኩል መሆን አለበት። አንዱ 1.6 ሆኖ ጎረቤቱ 1.8 ከሆነ የመርከቡ ጎን የተቦጫጨቀ ግድግዳ ይመስላል።

አብሯት የመጣው ዲስክ፣ ከጠረጴዛዋ መሃል ብቅ ብሎ እየዞረ የሚቆርጠው ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ በእያንዳንዱ ቁርጥ ወደ 2 ሚሊሜትር እንጨት ይበላል። በወረቀት ላይ አሰብኩት። 60 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ጣውላ 1.6 ሳወጣ፣ ለእያንዳንዱ ቁርጥ 3.6 ይሄዳል። 16 ስስ ጣውላ አገኛለሁ። ግማሹ እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ ወለል ላይ ቀረ ማለት ነው። 0.5 ሚሊሜትር የሚበላ ስስ ዲስክ ለብቻው ገዛሁ። ከዚያው ጣውላ 28 ወጣ። ይቺን መጋዝ የሚገዛ ሰው ዲስኩን አብሮ ይግዛ፤ ያለሱ ትልቅ ብላቴና ናት፣ ትበላለች እንጂ አትሠራም።

ስሱ ዲስክ ግን ዓመል አለው። ከ6 ሚሊሜትር በላይ የወፈረ እንጨት ስትሰጡት ጥርሶቹ መሃል ሰጋቱራ ይታጨቃል። ይግላል። ከጋለ ይጣመማል። ከተጣመመ ቁርጡ እንደ እባብ ይሄዳል። ቼሪ ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል፣ ጫፉ የተጠበሰ ይመስላል። ስለዚህ ወፍራሙን መጀመሪያ አብሯት በመጣው ዲስክ አቀጥነዋለሁ፣ ከዚያ ስሱን አስገባለሁ። ዲስክ መቀያየሩ በየጊዜው 5 ደቂቃ ይወስዳል። ይሰለቻል፤ ግን ይሠራል።

ትልቁ ቅሬታዬ መሪው ላይ ነው። መሪ የምለው ጣውላው ተደግፎ የሚንሸራተትበትን ቀጥ ያለ ብረት ነው። ማስታወቂያው "ትክክለኛ" ይላል። ትክክለኛ አይደለም። ስታጠብቁት የኋላ ጫፉ ትንሽ ይሸሻል። በዓይን አይታይም። መጀመሪያ ሰሞን የቆረጥኳቸውን በካሊፐር፣ ውፍረት በሚለካ መሣሪያ፣ ስለካ አንዱ 1.6፣ አንዱ 1.75 ይሆንብኛል። እንጨቱን ጠረጠርኩ። ዲስኩን ጠረጠርኩ። እጄን ጠረጠርኩ። ሁለት ሳምንት ከባከንኩ በኋላ ነው መሪውን የጠረጠርኩት። መፍትሔው ቀላል ሆነ። ባጠበቅኩ ቁጥር ከዲስኩ ፊትና ከዲስኩ ኋላ ሁለቱንም እለካለሁ። ልዩነት ካለ በጣቴ ገፋ አድርጌ እንደገና አጠብቃለሁ። የኋላውንም ጫፍ በትንሽ ማሰሪያ ጠረጴዛው ላይ አስሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ ከ0.05 አይበልጥም። 400 ዶላር ተከፍሎ ማሰሪያ መጨመር ግን ያናድዳል።

ሁለተኛው ጉድለት ዲስኩ የሚወጣበት ክፍተት ነው። በጣም ሰፊ ነው። ስሱ እንጨት እዚያ ውስጥ ይሰምጥና ይሰበራል፣ ወይ ተመልሶ ይወረወራል። አንዱ ግንባሬ ላይ አርፏል። ከስስ ኮምፔንሳቶ ሌላ ክዳን ቆርጬ ሠራሁላት፤ የሚሽከረከረውን ዲስክ ከታች ቀስ አድርጌ አውጥቼ ራሱ ክፍተቱን እንዲቆርጥ አደረግኩ። አሁን በዲስኩና በክዳኑ መሃል ወረቀት እንኳ አይገባም። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከፋብሪካ ለምን እንደዚህ ሆኖ እንደማይመጣ አይገባኝም።

እዚህ ላይ የራሴን ጅልነት ልናገር። መጋዟን አስተካክዬ፣ ካሊፐሬን ይዤ፣ በአንድ ወር ውስጥ ለመርከቧ ፊት የሚሆኑ 11 የጎድን አጥንቶች ሠራሁ። አንዱ ሙሉ የጎድን አጥንት ከ9 ቁራጭ ነው የሚገጣጠመው፤ ከታች አንድ ወለል እንጨት፣ ከዚያ በግራም በቀኝም አራት አራት። ኮላው ደረቀ። አከርካሪው ላይ፣ ማለትም ከመርከቧ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚሄደው እንጨት ላይ፣ ላቆማቸው ስል አይገጥሙም። ሁሉም ያንሳሉ። ለካ ፕላኑን ያተምኩበት ማተሚያ ቤት ገጹ እንዲሞላ ብሎ ወደ 97 ከመቶ አሳንሶታል። አከርካሪውን ግን የቆረጥኩት በቁጥር አስልቼ ነው። በ61 ሳንቲሜትር ላይ 3 ከመቶ ማለት 1.8 ሳንቲሜትር ነው። መጋዟ የ0.05 ጥንቃቄ ስታሳየኝ እኔ በ1.8 ሳንቲሜትር ስቼ ቁጭ አልኩ። በፕላኑ ግርጌ የጫማ መለኪያ መስመር አለ፤ እሱን በማስመሪያ ብለካ ኖሮ 10 ሰከንድ አይፈጅም ነበር። አሁን መጋዟን ከማብራቴ በፊት ወረቀቱን ነው የምለካው።

ፕላኑ ራሱም ሁሉን አይነግርም። ከጎን፣ ከፊት፣ ከላይ ሦስት እይታ አለ። ከመሃል ወደ ፊት ያሉት ክፍሎች በፊደል ይሰየማሉ፣ ወደ ኋላ ያሉት በቁጥር። ግን ሁሉም የጎድን አጥንት አልተሳለም፤ እየዘለለ ነው የሚያሳየው። በመሃል ያሉትን ራሴ መሳል አለብኝ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን አናጢ መሃሉን ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። የማውቀው መርከብ ቢኖር የደንገል ታንኳ ነው፤ እሱ ደግሞ ይታሰራል እንጂ በመጋዝ አይቆረጥም።

እኛ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። አዲስ አበባ ሳሉ የቤት ዕቃ ሠሪ ነበሩ። አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ መጡና መጋዟን አሳየኋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩዋት። "አንተ ልጅ፣ ይቺ መጋዝ ናት ወይስ የስፌት መኪና?" አሉኝ። ሳቅን። ከዚያ አንድ ስስ ጣውላ አንስተው በጣታቸው ዳበሱ። ዝም አሉ። ሌላ አነሱ። "እኩል ናቸው" አሉ። ከዚያ እንደገና፦ "ስንት አወጣህባት?" ነገርኳቸው። "በዚህ ብር መላጊያና ጥሩ ሞርሳ ገዝተህ በእጅህ ትሠራው ነበር።" ልክ ናቸው፤ ለእሳቸው። እኔ በመላጊያ 1.6 ላውጣ ብል ልጆቼ ኮሌጅ ይጨርሳሉ። አንድ ምክራቸውን ግን ወሰድኩ። ስሱን እንጨት በመሪውና በዲስኩ መሃል ሳይሆን በውጭ በኩል እንዲወድቅ አድርጌ መቁረጥ ጀመርኩ። እንጨት መሃል ላይ ተጣብቆ መወርወሩ ቀረ።

በ5ኛው ወር ቺንጋዋ ተበጠሰች። ሞተሯ ይጮሃል፣ ዲስኩ አይዞርም። ለሻጩ ጻፍኩ። መልስ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀ። መልሱም ቺንጋ ዋስትና ውስጥ አይገባም የሚል ነው። 14 ዶላር ከፍዬ ሁለት አዘዝኩ። መቀየሩ ከባድ አይደለም፤ አራት ቡሎን ነው። ለበጎ ሆኖ ስከፍታት ውስጧ በሰጋቱራ ተሞልቶ አገኘሁት። ቺንጋዋን የጨረሳት እሱ ይመስለኛል። አሁን በየሁለት ሳምንቱ እከፍታታለሁ። ቫኪዩም ሳይያያዝ አላበራትም። ቫኪዩሙ ከመጋዟ በላይ ይጮሃል፤ ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሥራ የለም። የሥር ቤት ጎረቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ እንደሆነ እንዲቆይ እፈልጋለሁ።

ጣት። አንዴ የአውራ ጣቴን ጥፍር ጫፍ ነክታኛለች። ትንሽነቷ ያዘናጋል፤ መጫወቻ ትመስላለች። ለመግፊያ የሚሆን ዱላ አብሯት አይመጣም። ከተረፈ ቼሪ አንድ ሠራሁ፣ ዲስኩ ጫፉን እየበላ አሁን አራተኛዬ ላይ ነኝ። በዱላ ፈንታ ጣቴ ቢሆን ብዬ አስባለሁ፣ አስቤም ዱላውን አጠብቃለሁ።

እንጨትን በሚመለከት፣ እውነተኛዎቹ መርከቦች ባብዛኛው ከኦክ ነው የተሠሩት። ትንሽ ሞዴል ላይ ግን ኦክ አይሆንም፤ እንጨቱ ላይ ያለው የተፈጥሮ ጭረት ትልቅ ስለሆነ መርከቧ መጫወቻ ትመስላለች። ጭረቱ የማይታይ እንጨት ነው የሚፈለገው። ፒር ምርጥ ነው፤ መጋዟም ትወደዋለች፣ ሳይጠቁር ይቆረጣል። ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። እኔ ለጎድን አጥንቱ ቼሪ፣ ለወለሉ ነጭ ስለሆነ ሆሊ ይዣለሁ።

ወደ አገር ቤት ልላካት ለምትሉ፣ የእኔዋ 110 ቮልት ናት። እንዲሁ ስፒናውን ቀይራችሁ 220 ላይ እንዳትሰኳት፤ ሞተሯ ይቃጠላል።

ደግሜ እገዛታለሁ ወይ? ከኪት ለሚሠራ ሰው አልመክርም፤ እንጨቱ ተቆርጦ ነው የሚመጣለት። አንዲት መርከብ ብቻ ሠርቼ አቆማለሁ ለሚልም የተቆረጠ እንጨት በልክ አዝዞ መግዛት ይረክሳል። ከፕላን ለሚሠራና ሁለተኛዋን መርከብ ከአሁኑ ለሚያስብ ግን አዎ፣ በመሪው እየተራገመ ይግዛት። እኔ በ8 ወር ውስጥ ለስስ ጣውላ ሌላ ቤሳ አላወጣሁም። ስህተት ሲደርስብኝ ደግሞ ሌላ ጣውላ እቆርጣለሁ እንጂ ፖስታ አልጠብቅም። 11ዱን የጎድን አጥንቶች እንደገና ለመሥራት እንጨቱን ያወጣሁት በሁለት ምሽት ነው።

አሁን 34ቱ ቆመዋል። ያነሱትን 11 አልጣልኳቸውም፤ ባለቤቴ የስኒ ማስቀመጫ ልታደርጋቸው ወስዳለች። ሁለተኛዋ ቺንጋ ከመጋዟ ሥር በፕላስተር ተለጥፋ ተራዋን ትጠብቃለች።