ከዚራ ያለው መጠቁም ሠሪ፦ ስም አያያዙ ያስተማምናል፣ የገጽ ቁጥሩ ግን ይፈተሽ

ድሬዳዋ ውስጥ መጽሐፍ የሚተይብና ገጽ የሚያቀናብር ቤት አይጠፋም። መጠቁም (ኢንዴክስ፣ ስሞችና ቃላት ከነገጽ ቁጥራቸው በፊደል ተራ የሚዘረዘሩበት የመጽሐፍ ክፍል) ራሱን የቻለ ሥራ ነው ብሎ የሚቀበል ግን ከስንት አንድ ነው። ከዚራ ያለው ይህ ቤት ይቀበላል። ስለ ሐረር ታሪክ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ የሠራው መጠቁም በአብዛኛው ያስመሰግነዋል።

ብርታቱ ስም ላይ ነው። የእኛ ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም ወይም በማዕረጉ አይደለም፤ ራስ መኮንንም «መኮንን ወልደ ሚካኤል፣ ራስ» ተብለው «መ» ሥር ተቀምጠዋል። ማዕረጉ ቢቀድም ራሶቹ ሁሉ «ረ» ላይ፣ አሚሮቹ ሁሉ «አ» ላይ ይከመሩ ነበር።

ሞክሼ ፊደላትም አላሳሳቱትም። ደራሲው አንዴ «ሐረር» አንዴ «ሀረር» ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ሁለት ከተማ ያደርጋታል፤ በመካከላቸውም የ«ለ» ቃላት በሙሉ ይሰለፋሉ። ቤቱ ቁጥሮቹን «ሐረር» ላይ ሰብስቦ በሌላው «ሐረርን ተመልከት» ብሏል። በፍለጋ ብቻ እንዳልሠራም ያስታውቃል፦ «ጀጎል» ብሎ የፈለገ «ጀጎሉ»ን አያገኝም፣ «ል» ወደ «ሉ» ተለውጧልና፤ «ሐረር» ብሎ የፈለገ ደግሞ «ሐረርጌ»ን አብሮ ያፍሳል። እዚህ ሁለቱም በትክክል ተለይተዋል።

ጉድለቱ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። መጠቁሙ የተሠራው የገጹ ቅንብር ሳያልቅ ነው። በኋላ ሁለት ገጽ ካርታ ሲገባ ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር ሁሉ ተንሸራተተ፤ 64 የተባለው የባቡር ሐዲድ 66 ላይ ይገኛል። መጠቁም ያለ ገጽ ቁጥር አይቆምም፤ በታተመ መጽሐፍ ላይ የገጽ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ደግሞ በ1470 እ.ኤ.አ. ኮሎኝ ውስጥ ነው። የሐረር የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች ቅጠላቸው ተራውን እንዳይስት የቀጣዩን ገጽ መጀመሪያ ቃል ከግርጌ ይጽፉ ነበር፤ ተራ መጠበቅ እዚህ አገር አዲስ ጥበብ አይደለም። «ሐረር» ሥር ማብራሪያ ሳይኖረው የተደረደረው የቁጥር መዓትም በሮች፣ ገበያ፣ መስጊዶች እየተባለ መከፈል ነበረበት።

ሥራ የሚሰጥ ሰው ጽሑፉን በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን የኮምፒውተር ኮድ በሚሰጠው ሥርዓት) ያስረክብ፤ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበው ከሥሩ የላቲን ኮድ ስለሆነ የፊደል ተራው ይፋለሳል። ሲረከብም ከየፊደሉ ሁለት ሁለት ቃል መርጦ ገጹን ይግለጥ። ስሕተቱ በእኩል ቁጥር ከሆነ ገጹ ተንሸራቷል፣ ማስተካከሉም ቀላል ነው። የተዘበራረቀ ከሆነ ግን መጽሐፉ እንደገና ይነበብለት።